ከደልቢ ከሰል ጋዝ፣ ከጋዙ መብራት፤ ለጅማ ይሆናል?

የሄርማታ ልጅ · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ጅማ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። ዛሬ ከሰዓት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የኋላ መዝጊያው ተገንጥሎበት መጣ። የጫነው የድንጋይ ከሰል ነው። ከደልቢ በኩል አምጥቶ ለሲሚንቶ ፋብሪካ እየወሰደ ነበር። ልበይድለት ማሽኑን ስከፍት መብራት ሄደ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቁጭ ብለን ጠበቅን። እሱ መኪናው ጥላ ውስጥ፣ እኔ የብየዳ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ።

ስንጠብቅ አንድ የከሰል ጓል አነሳሁ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጥቁር ቢመስልም ወረቀት ላይ ስፈትገው ቡናማ ይጽፋል። ከሰዓት እርጥብ ነበር። አሁን እየደረቀ ራሱን በራሱ እየሰነጠቀ ነው።

መብራት ሲመጣ ሥራዬን ጨርሼ ማንበብ ጀመርኩ። ከሰልን ማቃጠል ቀርቶ ወደ ጋዝ ለውጠው፣ ጋዙን አጥበው፣ ከዚያ በሁለት ተርባይን ኤሌክትሪክ የሚያወጡ ጣቢያዎች አሉ። ጭሱም ከድሮው በጣም ያንሳል ይባላል። ታዲያ ከሰሉ አጠገባችን ሆኖ ለምን በጨለማ እንቀመጣለን? የሚያውቅ ያስረዳኝ። ከልቤ ነው የምጠይቀው።

አባ ጅረን · ማክሰኞ፣ ማታ 2፡48

ወንድሜ፣ ጥሩ ጥያቄ አነሳህ። እኔ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። መብራታችን ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የሆነውን አትርሱ። ግልገል ጊቤ 3 ላይ ውሃው አነሰና አገር ምድሩ በፈረቃ ገባ። ከሰል ግን ዝናብ አይጠብቅም። ተቆልሎ ይቀመጣል።

ምሰሶ ላይ · ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ሃያ ሁለት ዓመት መስመር ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። የሄርማታ ልጅ፣ የዛሬው መብራት የሄደው የሚመነጭ ኃይል ጠፍቶ አይመስለኝም። እዚህ ከተማ የተጠራሁባቸውን ጥገናዎች ብቆጥር አብዛኛው ሦስት ነገር ነው። ዝናብ ያበሰበሰው የእንጨት ምሰሶ፣ ሽቦ ላይ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነበት ትራንስፎርመር። አንድ ሰፈር ሲሠራ ለሃምሳ ቤት ታስቦ የገባ ትራንስፎርመር ዛሬ መቶ ሃምሳ ምጣድ ይሸከማል። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም እንጀራ ሲጋግር የትራንስፎርመሩ ዘይት ይፈላል።

ምንጩ ከውሃ ሆነ ከከሰል፣ ሽቦው ያው ሽቦ ነው።

መምህር ኪቶ · ማክሰኞ፣ ማታ 4፡30

መካኒካል ምህንድስና አስተምራለሁ። ስለ ቴክኖሎጂው ትንሽ ልበል። ረዘም ይልብኛል፣ ታገሱኝ።

ሁላችንም በር ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛ ሰው ታፍኖ ሞተ ሲባል ሰምተናል። የገደለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው። ከሰል በቂ አየር ሲያጣ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ያ በግማሽ የቀረው ጋዝ ውስጡ ገና ጉልበት አለው። እሳት ብታገኘው ይነዳል። የከሰል ጋዝ ማምረቻ ሆን ብሎ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የተፈጨ ከሰል ትልቅ የብረት ጋን ውስጥ ይገባል። ትንሽ ኦክስጅንና እንፋሎት ይሰጠዋል። ሙቀቱ ከ1,200 እስከ 1,500 ዲግሪ ይደርሳል፣ ግፊቱም ከፍተኛ ነው። የሚወጣው በዋናነት ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጂን ነው። ነገሩ አዲስም አይደለም። ለንደን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ መንገዷን ያበራችው በከሰል ጋዝ ነበር።

አሁን ንጹሕ የሚያሰኘው ነገር ጋ ልምጣ። ድሮ ከሰሉ ከተቃጠለ በኋላ ነው ጭሱን የምታጣራው። ጭሱ ደግሞ በአየር ናይትሮጅን ተበርዞ እጅግ ብዙ ነው። እዚህ ግን የምታጥበው ከመቃጠሉ በፊት ነው። ጋዙ ታምቆ ስላለ መጠኑ ትንሽ ነው፣ ለመያዝ ይቀላል። ድኙ ተለይቶ ቢጫ ዱቄት ሆኖ ይወጣል፤ ይሸጣል። ሜርኩሪው በተዘጋጀ ከሰል ማጣሪያ ይቀራል። አመዱ በብዙዎቹ ላይ ቀልጦ እንደ ጥቁር ጠርሙስ ይረጋል። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅም ነው። ማንም አያጣጥለውም።

ቀጥሎ ሁለቱ ተርባይኖች። ይህን ለተማሪዎቼ በእኛው ጊቤ ነው የማስረዳቸው። ግልገል ጊቤ 1 ተርባይኑን አዙሮ የለቀቀውን ውሃ እንዲሁ አልጣልነውም። 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ውስጥ አልፎ ኦሞ ሸለቆ ይወርድና ጊቤ 2 ላይ እንደገና ይሠራል። የመጀመሪያው 184 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው በዚያው ውሃ 420 ሜጋዋት። ጥምር ዑደት የሚባለውም በሙቀት እንዲህ ነው። የታጠበው ጋዝ መጀመሪያ የጋዝ ተርባይን ውስጥ ይቃጠላል። ከዚያ የሚወጣው ትኩስ አየር ገና 600 ዲግሪ ገደማ ነው። እሱን ጭስ ማውጫ ከመስደድ ይልቅ ውሃ ታፈላበታለህ። እንፋሎቱ ሁለተኛ ተርባይን ያዞራል። የድሮ የከሰል ጣቢያ ከከሰሉ ጉልበት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው። ይሄ 40 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ የተሻሉት ያልፋሉ።

ነገ ስለ ዋጋው እጽፋለሁ። እዚያ ላይ ነው ልቤ የሚከፋው።

ጀንፈል · ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ጋሼ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጊቤዋ ምሳሌ ገባችኝ። የሞተውን ሰው ያነሳህበት ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ። ሁለት ሠራተኞቼ መጋዘን ውስጥ ከሰል ይዘው ነው የሚያድሩት። ጠዋት ሄጄ መስኮቱን አስከፈትኩ።

አባ ጅረን · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡02

ጎበዝ፣ እህቴ።

ተርባይን ጠጋኝ · ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

የጅማ ልጅ ነኝ፤ መንደራ ነው ያደግሁት። ኔዘርላንድ የጋዝ ተርባይን ጥገና ላይ እሠራለሁ። እዚህ አገር ቡገነም የሚባል ቦታ እንዲህ ዓይነት ጣቢያ ነበር። 253 ሜጋዋት። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተነስቶ በ2013 ተዘጋ። አብረውኝ የሚሠሩ ሽማግሌዎች እዚያ ያሳለፉ አሉ። ስለ እሱ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። የሚወዱት ማሽን ነበር። ከከሰሉ ጋር እንጨትና ሌላ ተረፈ ምርት ቀላቅለው ጋዝ ያወጡበት ነበር። ቴክኒኩ ይሠራል። የተዘጋው አልሠራ ብሎ ሳይሆን ገበያ ላይ አላዋጣ ብሎ ነው።

አሜሪካ የሆነውንም ላንሳ። ፍሎሪዳ ፖልክ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1996 ጀምሮ በ250 ሜጋዋት በደንብ ሠርቷል። ኢንዲያና ኤድዋርድስፖርት 618 ሜጋዋት ነው። 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይፈጃል ተብሎ ወደ 3.5 ቢሊዮን ወጣበት። ሚሲሲፒ ኬምፐር የተባለው ደግሞ እንደኛው ዓይነት ቡናማ ከሰል ሊጠቀም ነበር። 3 ቢሊዮን ገደማ የተባለው 7.5 ቢሊዮን ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 የከሰል ጋዙን ተዉት፤ በተፈጥሮ ጋዝ ብቻ ቀጠለ። በ2021 የጋዝ ማምረቻውን ግንብ በፈንጂ አፈረሱት። ቪዲዮውን ምሳ ሰዓት ላይ አብረን አየነው። ማንም አልሳቀም።

ጃፓን ግን አልተወችም። ናኮሶ ላይ እ.ኤ.አ. በ2007 በ250 ሜጋዋት ሙከራ ጀመሩ፤ ከዚያም ትልልቆቹን ሠሩ። ከሰልም ጋዝም ከውጭ ለሚገዛ አገር ስሌቱ ሌላ ነው።

የሄርማታ ልጅ · ረቡዕ፣ ቀን 8፡00

7.5 ቢሊዮን ዶላር። ቁጥሩን ደግሜ አነበብኩት።

መምህር ኪቶ · ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

ቃሌን ልጠብቅ። ተርባይን ጠጋኝ ዋናውን ስለተናገረልኝ እኔ እዚሁ ልምጣ።

የደልቢ ሞዬ ከሰል በባዛልት ድንጋይ መካከል የተቀበረ ነው። አብሮት ዘይት ያዘለ ድንጋይም (የዘይት ሼል የሚባለው) አለ። ልጅየው ወረቀት ላይ ያየው ቡናማ መስመር ትክክል ነው። ሊግናይት ከሚባለው ቡናማ ከሰል ጎራ ነው፣ ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። እርጥበቱም አመዱም ብዙ ነው። እንበልና 90 ሜጋዋት ጣቢያ እንሥራ። አንድ ኪሎ ከሰል 15 ሜጋጁል ይሰጣል፣ ጣቢያው 38 በመቶ ይለውጣል ብለን እንያዝ። በቀን 1,360 ቶን ገደማ ከሰል ይበላል። 40 ቶን በሚጭን መኪና 34 መኪና። በየቀኑ። አመዱ ሩብ ቢሆን 340 ቶን ገደማ አመድ በየቀኑ የሚደፋበት ቦታ ትፈልጋለህ። ክረምት ላይ የደልቢን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ያስብ።

ከሰሉ እርጥብ ሲሆን ለማድረቅ ራሱ ሙቀት ይጠይቃል። ኦክስጅኑን ከአየር የሚለየው ፋብሪካም ከሚመነጨው ኃይል ላይ ጥሩ ድርሻ ይወስዳል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ደግሞ አይጠፋም። የድሮው የከሰል ጣቢያ በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1 ኪሎ ግራም ያህል ይለቃል። ይሄ 800 ግራም ገደማ። የተሻለ ነው፣ ንጹሕ ግን አይደለም። ድኙና አቧራው ነው የጸዳው። ይህን ለይተን እንናገር እላለሁ፤ «ንጹሕ ከሰል» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያሳስታልና።

አባ ጅረን፣ የድርቁ ነገር ያሳስበኛል፣ አንተንም እረዳለሁ። ግን ይህ ጣቢያ ለተጠባባቂነት አይመችም። የቀዘቀዘውን ማምረቻ ለማሞቅ ብቻ ከአንድ ቀን በላይ ይፈልጋል። ሌትና ቀን እንዲሠራ ነው የተፈጠረው። ውሃ ሲያንስ ብቻ ላስነሳው ብትል ኪሳራው ይበላሃል።

አባ ጅረን · ረቡዕ፣ ማታ 4፡05

ተቀብያለሁ በግማሽ። ታዲያ በድርቅ ዓመት ምን እናድርግ? ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ እንደማንም ዕንባ አውጥቻለሁ። 5,150 ሜጋዋት ቀላል አይደለም። ግን እሱም ውሃ ነው።

መምህር ኪቶ · ረቡዕ፣ ማታ 4፡20

ውሃ ነው፣ ልክ ነህ። ግን የአባይ ሐይቅ የዓመታት ውሃ ያጠራቅማል። ንፋስ ደግሞ አዳማና አሸጎዳ ላይ አለን፤ በበጋ፣ ወንዝ ሲቀንስ ይበረታል። ገንዘቡ ካለ እኔ በዚያ በኩል እጨምራለሁ፤ እዚህ ደግሞ ምሰሶ ላይ የነገሩንን ሽቦ እቀይራለሁ።

የያዩ ሰው · ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡15

ስለ ከሰል ጋዝ ሲወራ ያዩን ማንም አላነሳም። በጅማ፣ አጋሮ፣ በደሌ አድርጋችሁ ወደ መቱ ስትሄዱ ታገኙናላችሁ። በ2004 ዓ.ም. እዚያ የተጀመረው ፕሮጀክት ከሰልን ወደ ጋዝ ለውጦ ማዳበሪያ ሊያመርት ነበር። በዓመት 300 ሺህ ቶን ዩሪያ፣ አብሮም 90 ሜጋዋት ኃይል ታስቦ ነበር። ሳያልቅ ቀረ።

እኔ የምለው፣ ከሰሉ ጋዝ የሚሆን ከሆነ ለመብራት ባይሆን ይሻላል። መብራትን ውሃም ንፋስም ፀሐይም ይሰጣል። ዩሪያን ግን ንፋስ አይሰጥህም። ሃይድሮጂን ትፈልጋለህ። የደቡብ አፍሪካው ሳሶል ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከከሰል ጋዝ ነዳጅና ኬሚካል እያወጣ ይኖራል። ሴኩንዳ ያለው ፋብሪካው ደግሞ በዓለም ላይ ከአንድ ቦታ ከሚወጣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ብክለት ከትልልቆቹ ተርታ ነው። ሁለቱንም አብራችሁ ያዙልኝ።

ሌላም አለ። ያዩ ማለት ጫካ ቡና ነው። ማንም ሳይተክለው በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ ቡና። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ከከፋ ጫካ ጋር ጥብቅ የተፈጥሮ ቦታ (ባዮስፌር) ብሎ መዝግቦታል። ከሰሉ ያለው እዚያው ሰፈር ነው። ከሰል አንዴ ቆፍረህ ታወጣለህ። ያ የቡና ዘር ግን አንዴ ከጠፋ ማንም ቢሮ ሄዶ የሚያስመልሰው አይደለም። ይህን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ አባቴ የሚለቅመው ከዚያ ነው።

ተርባይን ጠጋኝ · ሐሙስ፣ ቀን 6፡50

የማዳበሪያው ሐሳብ ጥሩ ነው። ግን አሁን ለጎዴ በተፈጥሮ ጋዝ ትልቅ የዩሪያ ፋብሪካ ስምምነት ተፈርሟል። የተፈጥሮ ጋዝ ካለ ከከሰል ማውጣቱ ይከብዳል። ማሽኑም ይበዛል፣ ቆሻሻውም።

ጀንፈል · ሐሙስ፣ ማታ 1፡30

እኔ ከአጋሮ ነኝ። ቡና እፈለፍላለሁ፣ እቀሽራለሁ። የኔን ጭንቀት ልንገራችሁ። እሸት ቡና አያድርም። ዛሬ የተለቀመ ዛሬ መፈልፈያ ካልገባ ይቦካል፤ ደረጃው ይወርዳል። አምና ጥቅምት ላይ ማታ መብራት ሄደ። ናፍጣ አልነበረም። ገበሬዎቹ ጆንያቸውን ተሸክመው ተሰልፈው ቆመዋል። አንዲት እናት የጆንያዋን አፍ ፈትታ እጇን ከተተችና «ሞቋል፣ ልጄ» አለችኝ። የሞቀ እሸት ማለት መቦካት የጀመረ ማለት ነው። ያን ቀን የከፈልኳቸው በሙሉ ዋጋ ነው። ኪሳራው የኔ ሆነ። ግን የሷን እጅ አልረሳውም።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። ደረቅ ጀንፈል ስቀሽር ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ገለባ ነው። ጊቢዬ ውስጥ ተራራ ሆኗል። ዝናብ ሲመታው ይሸታል፤ ጎርፍ ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ከሰል ጋዝ ከሆነ፣ ገለባ ጋዝ አይሆንም?

መምህር ኪቶ · ሐሙስ፣ ማታ 2፡10

ይሆናል! እህቴ፣ ከመጀመሪያው ሰው እንዲጠይቀኝ የፈለግሁት ይህንን ነው። መርሁ አንድ ነው። አየር አሳንሰህ ታቃጥላለህ፣ ጋዙን ታጥባለህ። ለትንሽ አቅም ሁለት ተርባይን አያስፈልግም። የናፍጣ ሞተር የጋዝ ድብልቅ ይበላል፤ ናፍጣውን በብዛት ይቀንስልሻል። ካርቦኑም ቡናው ራሱ ካቻምናና አምና ከአየር የወሰደው ነው።

ቦይለር · ሐሙስ፣ ማታ 2፡45

ቆይ፣ ቆይ። እኔ የፋብሪካ ቦይለር ላይ የቡና ገለባ አንድጃለሁ። አትቸኩሉ። የገለባ አመድ ፖታሽ ይበዛበታል። እሳቱ ትንሽ በርታ ካለ ይቀልጥና ፍርግርጉ ላይ እንደ ጠርሙስ ይጋገራል። በዲጂኖ ነው የምንፈነቅለው። ገለባው ቀላል ስለሆነም ጋኑ ውስጥ እንደ ድልድይ ይንጠለጠላል። ታቹ ባዶ፣ ላዩ ሙሉ። እሳቱ ይሞትና ጭስ ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ጨምቆ መጠፍጠፍ ያስፈልጋል። ታሩም አለ። ያ ጥቁር ዝፍት ሞተር ውስጥ ከገባ ቫልቩን ያጣብቀዋል።

መምህር ኪቶ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡00

ሁሉም ትክክል ነው። ቦይለር የጻፈውን ሴሚስተር ሙሉ ባስተምር እንዲህ አላጠራውም። መድኃኒቱ ጋዙን ከላይ ሳይሆን በፍሙ መካከል አሳልፎ ከታች ማውጣት ነው። ዝፍቱ በፍሙ ሲያልፍ ይሰባበራል። ከዚያ በውሃና በገለባ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ሞተር ጋ ከመድረሳችን በፊት ግን ጋዙ በንጹሕ ሰማያዊ ነበልባል ሲነድ ማየት እፈልጋለሁ።

የሄርማታ ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡20

እኔ ሁለት መቶ ሊትር በርሜል አለኝ። የወፍራም ቱቦ ቁራጭም አለ። የማንጠሪያ ምድጃዬ ማራገቢያ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ንድፉን ስጡኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቆርጬ እበይደዋለሁ። የብረቱን ዋጋ አልጠይቅም።

ጀንፈል · ሐሙስ፣ ማታ 3፡26

አምስት ጆንያ ደረቅ ገለባ ነገ በአጋሮ ሚኒባስ እልካለሁ።

ቦይለር · ሐሙስ፣ ማታ 3፡41

እኔ ቅዳሜ እመጣለሁ። ገለባው ውስጥ ጭቃ አታግቡበት። እጄ ላይ ያረጀ የጡብ መጭመቂያ አለ፤ ገለባውን እሱ ይጠፈጥፈዋል። ትንሽ የሞላሰስ ውሃ ካለ ይያዛል።

ምሰሶ ላይ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡50

እኔም ብቅ እላለሁ። ሞተሩ አንድ ቀን ሲነሳ ከመስመር ጋር እንዳታገናኙት ብቻ። መለያ ማብሪያ ማጥፊያ ሳይኖር ጀነሬተር ስታስነሱ ኃይሉ በትራንስፎርመሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። መብራት የለም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣውን ልጅ ይገድለዋል። ጓደኛዬን እንዲህ አጥቻለሁ። መለያውን እኔ ራሴ እገጥምላችኋለሁ።

የሄርማታ ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 3፡58

ጋሼ፣ ነፍስ ይማር። ያለ እርስዎ አንነካውም።

መምህር ኪቶ · ሐሙስ፣ ማታ 4፡12

ንድፉን ነገ በእጅ ስዬ አመጣለሁ። በሙሉ ልብ የማስጠነቅቀው አንድ ነገር። ሥራው ክፍት ሜዳ ላይ ይሁን። ጣሪያ ሥር አይሆንም፤ ግድግዳ ጥግም አይሆንም። ማክሰኞ ዕለት ያወራሁት የሚያፍነው ጋዝ ማለት ይሄው ነው፤ እዚህ ግን ከምድጃው ከሚወጣው ብዙ እጥፍ ይበዛል። ከመምሪያው ላቦራቶሪ የጋዝ መለኪያ ለምኜ አመጣለሁ። እሱ ከጮኸ ሁላችንም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል እንቆማለን።

የሄርማታ ልጅ · ሐሙስ፣ ማታ 4፡18

ከቤቴ ጀርባ ባዶ ቦታ አለ። አጥር ብቻ ነው ያለው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት። የደልቢውን ጓልም አመጣዋለሁ። አሁን ሦስት ቦታ ተሰነጣጥቋል።